«አሁንም ባክቴሪያው አለ»፦ የአረጋውያን የጨጓራ ምርመራ የሚያሳስተው የት ላይ ነው?

«እማማ መድኃኒቱን ጨርሰዋል። ምርመራው ግን አሁንም ባክቴሪያው አለ ይላል። ምን እናድርግ?»

ይህ ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ የሚነሣ ጥያቄ በየቤቱና በየማኅበራዊ ሚዲያው ይደጋገማል። መልሱም ቶሎ ይመጣል። አንዱ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ይጠቁማል። ሌላው ተልባ ይላል። ሦስተኛው በሽታው አይድንም ብሎ ተስፋ ያስቆርጣል። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ነገር ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል። ምርመራው በምን ተሠራ? በደም ነው፣ በሰገራ ነው፣ ወይስ በሌላ? ያኔስ እማማ ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነበር?

አንድ ወጣት ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ቢዘለሉ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አይከፋም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «አለ» የሚለውም ውጤት፣ «የለም» የሚለውም ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ሁለቱም ስህተቶች ዋጋ ያስከፍላሉ።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል

«ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። የአካል ክፍሉ ስም የበሽታው ስም ሆኗል። ቃር ሲሆን ጨጓራ ነው። ሆድ ሲነፋ ጨጓራ ነው። ከእንብርት በላይ ማንኛውም ነገር ሲያም ጨጓራ ነው። ከዚያ ባክቴሪያው ሲገኝ ሁሉም ነገር በአንድ ስም ይጠቃለልና ፍለጋው ያበቃል።

ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ። በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች በቤተ ሙከራ አሳድገው አሳዩት። እስከዚያ ድረስ የጨጓራ ቁስለት የሚሳበበው በአብዛኛው በጭንቀትና በአሲድ ነበር። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ጨጓራው በቀናት ውስጥ ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል።

ይህ ሁሉ ሲሰማ ያስፈራል። ሌላውን ገጽታም ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከሁለት ሰው አንዱ አካባቢ ባክቴሪያው አለበት። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። በቤተሰብ ውስጥ፣ በተጣበበ ቤት፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ውሃና ምግብ ይተላለፋል። ካልታከመ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ስለዚህ የ70 ዓመት ሰው ላይ ሲገኝ ምናልባት ከ60 ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ቁስለት የሚይዛቸው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ናቸው። ወደ ካንሰር የሚያመራባቸው ደግሞ ከመቶው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ናቸው። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ይረሳል። የሐሞት ጠጠር ያለባቸውን ሰዎች ለኤች ፓይሎሪ ብንመረምር ግማሽ ያህሉ ላይ እናገኘዋለን። የልብ ሕመም ያለባቸውንም ብንመረምር እንደዚያው። ባክቴሪያው መገኘቱ ሕመሙን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም።

ዕድሜ ምን ይለውጣል?

አረጋውያን ላይ ቁስለት ያለ ሕመም ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት መድማት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም፣ ቀስ በቀስ የሚመጣ የደም ማነስ። ለጉልበትና ለወገብ ተብለው የሚወሰዱ ማስታገሻዎች፣ እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ሁለት ነገር ይሠራሉ። ጨጓራን ያቆስላሉ። የቁስሉንም ሕመም ሊሸፍኑት ይችላሉ። በዚህ ላይ ለልብ ተብሎ አስፕሪን ከተጨመረና ባክቴሪያው ካለ የመድማት አደጋው ይደራረባል።

በተቃራኒው ጨጓራ የሚመስል ግን ጨጓራ ያልሆነ ነገርም በዚህ ዕድሜ ይበዛል። ድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት በዕድሜ በገፉ ሰዎችና በስኳር ሕሙማን ላይ ደረትን ሳያምም ሊመጣ ይችላል። ልብ ሥር ማቃጠል፣ ማጥወልወልና ላብ ሆኖ ይታያል። ድንገት የጀመረ የላይኛው ሆድ ሕመም ያለባቸው አረጋዊ ከሰገራ ምርመራ በፊት ኢሲጂ ሊነሣላቸው ይገባል። ይህ የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ነው። ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። በዚህ ላይ ምንም ማወላወል አያስፈልግም።

ሌላው ለውጥ ጨጓራው ራሱ ነው። ባክቴሪያው ለአሥርት ዓመታት ሲያስቆጣው የኖረ የጨጓራ ግድግዳ ይሳሳል። አሲድ አመንጪ ዕጢዎቹ ይመናመናሉ። ሐኪሞች ይህን የጨጓራ መሳሳት ይሉታል። አሲዱ ሲቀንስ የምግብ ብረትና ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በደንብ አይገኙም። ኤች ፓይሎሪም ራሱ ያን ጨጓራ አይወደውም፤ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ቦታ ይለውጣል። እዚህ ላይ ነው ምርመራው የሚቸገረው። በሽታው በቆየ ቁጥር ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያ እየሳሳ ይሄዳል።

የደም ምርመራው የሚነግረን

በየክሊኒኩ ከሚሠሩት ርካሹና ፈጣኑ በደም የሚደረገው ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም። የሚፈልገው አንቲቦዲውን ነው። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል።

እንግዲህ የእማማ ታሪክ እዚህ ላይ ይገለጣል። መድኃኒቱን በደንብ ወስደው፣ ባክቴሪያው ጠፍቶ፣ የደም ምርመራው ግን «አለ» ሊል ይችላል። ያንን ወረቀት ይዞ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ መስጠት የሌለ ጠላትን መውጋት ነው። ይህ ስህተት በየጊዜው ሲደገም ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ለማስቀረት አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ወረቀቱ ላይ አንቲቦዲ ወይስ አንቲጂን ተብሎ እንደተጻፈ ማየት ብቻ ነው።

የደም ምርመራ ጨርሶ የማይረባ ነው የሚሉ አሉ። እዚያ ድረስ መሄድ ግን ልክ አይመስለኝም። ሌሎቹ ምርመራዎች የሚዳከሙበት ሁኔታ አለ። ቁስሉ እየደማ ሲሆን፣ ጨጓራው በጣም ሲሳሳ፣ የአሲድ መቀነሻ ማቆም የማይቻል ሲሆን። በእነዚህ ጊዜያት አንቲቦዲው አይደበቅም። ከዚህ በፊት ታክመው የማያውቁ ሰው ከሆኑና ቁስለት በዓይን ከታየ፣ ጥራቱ የተረጋገጠ የደም ምርመራ ለሐኪሙ ተጨማሪ ፍንጭ ይሰጠዋል። ለአንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ መዳንን ለማረጋገጥ።

ሰገራና ትንፋሽ

የሰገራ ምርመራ አንቲጂን ይፈልጋል። አንቲጂን የባክቴሪያው የራሱ አካል ቁራጭ ነው። ከተገኘ ባክቴሪያው አሁን አለ ማለት ነው። ነገር ግን የሰገራ ምርመራ ሁሉ እኩል አይደለም። በላብራቶሪ ማሽን የሚነበበው ዓይነት ጥሩ አስተማማኝነት አለው። እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያወጣው ፈጣን ኪት ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ደብዛዛ መስመር ወጣ ሲባል አንባቢው ሰው ላይ ይወሰናል።

ለአረጋውያን ሌላ ችግርም አለ። የሆድ ድርቀት ያለባቸው ሰው ክሊኒክ ሄደው ወዲያው ናሙና መስጠት አይችሉም። ናሙናው ከቤት ይመጣል። ሙቀት ውስጥ ከዋለ ውጤቱ ይበላሻል። በጣም የቀጠነ ሰገራም እንደዚሁ አስተማማኝነቱን ይቀንሳል። ቶሎ ማድረስ ካልተቻለ ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይሻላል።

የትንፋሽ ምርመራው አሠራሩ ደስ ይላል። ኤች ፓይሎሪ በአሲድ ውስጥ የሚኖረው ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ነው። ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። አሞኒያው በባክቴሪያው ዙሪያ ያለውን አሲድ ያበርደዋል። ምርመራውም ይህንኑ ጠባይ ይጠቀማል። በሽተኛው ምግብ ሳይቀምሱ ምልክት የተደረገበት ካርቦን ያለውን ዩሪያ ይውጣሉ። ባክቴሪያው ካለ ይከፍለዋል። ያ ካርቦን በደም አድርጎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በትንፋሽ ይወጣል። ካርቦን 13 የሚባለው ዓይነት ጨረር የለውም።

አረጋውያን ላይም በደንብ ይሠራል። ጨጓራቸው በጣም የሳሳ ሰዎች ላይ ግን ሌሎች ዩሪኤዝ ያላቸው ተሕዋስያን ገብተው ሊያምታቱ ይችላሉ። የጨጓራቸው ክፍል በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰዎች ላይም ይዳከማል። በአገራችን ትልቁ እንቅፋት ግን እንደ ሰገራው በየክሊኒኩ አለመገኘቱ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወላጆች ያን ያህል አይቸገሩም። እስራኤል ወይም አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ሐኪማቸውን ስለ ትንፋሽ ምርመራ ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ ያገኙታል።

ኦሜፕራዞል የሚደብቀው

አረጋውያን ላይ በስህተት «የለም» የሚል ውጤት ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው መድኃኒት ነው። ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል። እነዚህ የአሲድ ማመንጫውን የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው። ከየፋርማሲው ይገዛሉ፣ ለወራት፣ ለዓመታትም ይወሰዳሉ። ባክቴሪያውን አይገድሉትም። ግን ቁጥሩን ያሳንሱታል፣ ሥራውን ያዳክሙታል፣ ወደ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ያሸሹታል። በዚያ ሰዓት ሰገራም፣ ትንፋሽም፣ በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙናም ሊስቱት ይችላሉ።

ስለዚህ የሕክምና መመሪያዎች ሁለት ነገር ይላሉ። ከምርመራው በፊት እነዚህ መድኃኒቶች ለ2 ሳምንት ይቁሙ። አንቲባዮቲክና ቢስመዝ የተባለው መድኃኒት ከተወሰደ ደግሞ 4 ሳምንት ይለፍ። አንቲባዮቲክ ሲባል ለጨጓራ የተሰጠው ብቻ አይደለም። ለሳንባ፣ ለሽንት፣ ለጥርስ የተወሰደውም ይቆጠራል። አረጋውያን እንዲህ ያለ መድኃኒት በየጊዜው ስለሚታዘዝላቸው ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰው ኦሜፕራዞሉ የታዘዘላቸው ከመድማት እንዲጠብቃቸው ሊሆን ይችላል። ለምርመራ ተብሎ በራስ ውሳኔ ማቆም ደም ሊያስፈስስ ይችላል። ሐኪሙ ለጊዜው እንደ ፋሞቲዲን ባሉ መለስተኛ መድኃኒቶች ሊተካው ይችላል። ወይም ማቆም አይቻልም ብሎ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይመርጣል።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ የሚያሳስተው በአንድ በኩል ነው። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ «አለ» ከተባለ ውጤቱን ማመን ይቻላል። «የለም» ከተባለ ግን አልተመረመሩም ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ኢንዶስኮፒ መቼ?

ኢንዶስኮፒ በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ለወጣቶች አደገኛ ምልክት ከሌለ መጀመሪያ ኤች ፓይሎሪን በሰገራ ወይም በትንፋሽ መርምሮ ማከም የተለመደ አካሄድ ነው። ለአረጋውያን ይህ አይመከርም። የአሜሪካና የካናዳ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ባወጡት መመሪያ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ አዲስ የጨጓራ ሕመም የጀመራቸው ሰዎች ኢንዶስኮፒ እንዲታዩ መክረዋል። ምክንያቱ ካንሰር ነው። ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ለወራት መድኃኒት ሲለዋወጥ ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል።

ዕድሜ ምንም ይሁን የማይታለፉ ምልክቶችም አሉ። ክብደት መቀነስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ደም ማስመለስ፣ የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ። ሰገራው የጠቆረው በብረት እንክብል ወይም በቢስመዝ ምክንያት መሆኑንም ማጣራት ተገቢ ነው።

በኢንዶስኮፒው ጊዜ ናሙና ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ ለአረጋውያን አይበቃም። ባክቴሪያው ከታችኛው የጨጓራ ክፍል ሸሽቶ ከላይ ሊኖር ይችላል። ከሁለቱም ክፍል ሲወሰድ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። የግድግዳው መሳሳትም አብሮ ይታያል። ቁስሉ በደማበት ሰዓት የተወሰደ ናሙና ባክቴሪያ የለም ቢል፣ ደሙ ከቆመ በኋላ በሌላ ምርመራ መድገም ያስፈልጋል።

ቤተሰብ «በዚህ ዕድሜያቸው ቱቦ አይችሉም» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ማደንዘዣው የልብና የሳንባ ችግር ላለባቸው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነገር ግን ምርመራው ጉሮሮ ብቻ ደንዝዞም ይሠራል። ዕድሜ ብቻውን ክልከላ አይሆንም።

የተገኘበት ሁሉ ይታከም?

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አንድ ድምፅ የላቸውም። በ2015 የወጣው የኪዮቶ ስምምነት ኤች ፓይሎሪ ተላላፊ በሽታ ስለሆነ፣ የሚከለክል ልዩ ምክንያት ከሌለ ምልክት የሌለበትም ሰው ይታከም ብሏል። የጨጓራ ካንሰር በሚበዛባት ጃፓን ከ2013 ጀምሮ የጤና መድኅን በኢንዶስኮፒ ለተረጋገጠ የኤች ፓይሎሪ የጨጓራ ቁጣ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ሌላው ወገን ጉዳቱን ያሰላል። መድኃኒቱ ከባድ ነው። ጥቅሙ ብዙ ዓመት ቆይቶ የሚታይ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ሲረጭ ደግሞ የባክቴሪያው መላመድ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ክላሪትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት የለመደውን ኤች ፓይሎሪ አሳሳቢ ከሆኑት ተርታ አስገብቶት ነበር።

ክርክሩን የሚያጠራ አንድ ትልቅ ጥናት በ2022 ከብሪታንያ ወጥቷል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አስፕሪን ተጠቃሚዎችን ያጠና ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች በትንፋሽ ተመርምረው ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። የታከሙት ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በሚደማ ቁስለት ሆስፒታል የመግባት አደጋቸው በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ።

ከዚህ ተነሥቼ ስመዝን፣ አስፕሪን ወይም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ ቁስለት የነበረባቸው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት እጥረት ያለባቸው፣ በቅርብ ዘመዳቸው የጨጓራ ካንሰር የታየባቸው አረጋውያን ሊመረመሩና ከተገኘባቸው ሊታከሙ ይገባል። ምንም ሳይሰማቸው፣ ሌላ ከባድ ሕመም እየታገሉ ያሉ የ85 ዓመት ሰው ላይ ግን «ለማንኛውም እንመርምር» ማለት ሌላ ነገር ነው። ውጤቱ ውሳኔ የማይለውጥ ከሆነ ባይመረመሩ ይሻላል።

መድኃኒቱ ከባድ ነው ሲባል እንዲሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ 14 ቀን የሚፈጅ የሦስት ወይም የአራት መድኃኒት ጥምረት ነው። ከጥምረቱ አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲን ከግፊት መድኃኒቱ ከአምሎዲፒን ጋር የደም ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ከስኳር መድኃኒቱ ከግሊቤንክላሚድ ጋር ስኳርን ይጥላል። ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋር ጡንቻን ይጎዳል። ሌላው የጥምረቱ አንቲባዮቲክ ሜትሮኒዳዞል ከዋርፋሪን ጋር ያደማል። በአንድ ቤት ውስጥ የግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ አረጋዊ ብርቅ አይደሉም። ወደ ሐኪም ሲኬድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ጾምም መነሣት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ወይም ረመዳንን የሚይዙ ሰው በቀን አራት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ዝም ብለው ተቀብለው፣ ግማሹን ሳይወስዱ ሊቀሩ ይችላሉ። አስቀድሞ ከተነገረ ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም ጊዜውን ያስተካክላል።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ

ሕመሙ ተወ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም። ሕመሙ ቀጠለ ማለትም ባክቴሪያው አለ ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ምርመራ ነው። የመጨረሻው እንክብል ከተዋጠ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ኦሜፕራዞሉ 2 ሳምንት ቆሞ፣ በሰገራ አንቲጂን ወይም በትንፋሽ።

የእማማ ሁለተኛ ምርመራ በደም ከሆነ ገና አልታወቀም። በአንቲጂን ሆኖ ጊዜው ተጠብቆ «አለ» ካለ ግን የመጀመሪያው ሕክምና አልሠራም። ያኔ ያንኑ መድኃኒት መድገም አይጠቅምም። አንድ ጊዜ የከሸፈ አንቲባዮቲክ፣ በተለይ ክላሪትሮማይሲን፣ ሁለተኛ ጊዜ ላይ የመሥራት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ጥምረቱ ይለወጣል። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። መድኃኒቱ በእርግጥ ተወስዶ ነበር? አፍ የሚያመርረውን ሜትሮኒዳዞል በሦስተኛው ቀን የተዉት ካሉ፣ ያንን ሳይሸማቀቁ መናገር እንዲችሉ ቤተሰቡም ሐኪሙም ቦታ ሊሰጧቸው ይገባል።

ባክቴሪያው መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላም ግድግዳው በጣም ሳስቶ የተገኘባቸው ሰዎች ክትትላቸው አያበቃም። የካንሰር አደጋው ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በየስንት ጊዜው ኢንዶስኮፒ እንደሚታዩ የሚወሰነው የመጀመሪያው ናሙና ባሳየው ነው። የናሙናው ውጤት የተጻፈበት የፓቶሎጂ ወረቀት ስለዚህ አይጣልም፤ ከካርዱ ጋር ይቀመጣል።